የድንጉላ ንብ የአባት ስም

ባለፈው ሳምንት ግራ ዓይኔ አብጦ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ ሳቃቸውን ለጥቂት ደቂቃ ያዙት። ከኋላ ወንበር አንዱ ግን አልቻለም። «ቲቸር፣ ማን መታዎት?» አለ። «የአራት ቁጥር የልጅ ልጅ» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

አራት ቁጥር ቀፎ ናት። እኔ ዳንግላ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው የአባቴ ግቢ እሄዳለሁ። እዚያ ዘጠኝ ቀፎ አለን። ሰባቱ ዘመናዊ ናቸው። ሁለቱን አባቴ ራሳቸው ከቀርከሃ ሠርተው በእበት ለቅልቀዋቸዋል። የእኔን ሰባቱን አባቴ «ቁም ሣጥኖች» ነው የሚሏቸው። «ቁም ሣጥኖችህን ከፍተህ አየሃቸው?» ይሉኛል።

አራት ቁጥር የመጣችው በ2015 መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ኑጉ ገና ቢጫ መሆን ሲጀምር። አባቴ አዲሱን ቀፎ በወይራና በጥንጁት አጠኑት። ውስጡን አሮጌ ሰም አሹት። ብሳናው ላይ ሰቀሉት። በአሥረኛው ቀን ገደማ ሞልቶ አገኘነው። በማታ አውርደን ወደ አንዱ ቁም ሣጥን አዛወርናት።

እንዲህ ያለ ገር ንብ አይቼ አላውቅም። አንድ እፍታ ጭስ ይበቃታል። ጓንት ሳላደርግ የማር እንጀራው የሚሠራበትን ፍሬም አወጣ ነበር። በዚያ ላይ በመጀመሪያው ዓመት 24 ኪሎ ማር ሰጠችን። አገራችን ውስጥ ንብ የያዘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የእኛ ንብ ሲቆጣ ልብስ አያግደውም።

እና ስግብግብነት መጣብኝ። ሁሉም ቀፎዎቼ እንደ አራት ቁጥር ቢሆኑስ? በቆሎው «የተሻሻለ ዝርያ» አለው። ዶሮዋም አላት። ንብ ምን በደለች? ደብተር ገዛሁ። ዓምዶች አሰመርኩ፦ የቀፎ ቁጥር፣ እናት፣ አባት፣ ጠባይ፣ ማር። «አባት» የሚለውን ለጊዜው ባዶ ተውኩት። በኋላ እሞላዋለሁ ብዬ።

በ2016 ጥቅምት አራት ቁጥርን ከፈልኳት። የንግሥት ቤት ያለባቸውን ፍሬሞች ለያይቼ አምስት ትንንሽ ቀፎ አደረግኩ። ንግሥት ከእንቁላል እስከ መውጣት 16 ቀን ገደማ ነው የሚፈጅባት። ከዚያ ጥቂት ቀን ትሰነብትና ከወንዶቹ ንቦች ጋር ለመጠቃት ትወጣለች። አምስቱም ወጡ፣ አምስቱም ተመለሱ፣ አምስቱም እንቁላል ጣሉ። ደረቴን ነፍቼ አምስት «እናት፦ 4» ጻፍኩ።

በዓመቱ ከአምስቱ አንዷን፣ ሰባት ቁጥርን፣ ስከፍት የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የጎረቤታችን አህያ ገመዷን በጥሳ እስከ ወንዙ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። ልይዛት አይደለም ታዲያ፣ አብሬያት ነው የሸሸሁት። ማታ አባቴ ሄደው ይቅርታ ጠየቁልኝ። ሁለት ኪሎ ማርም በዚያው ሄደች።

ከአምስቱ ሁለቱ እንደ እናታቸው ገር ሆኑ። አንዷ እንደ አመጣጧ ናት፤ ደመና ሲሆን አትነካም። ሁለቱ ሰይጣን ናቸው። አንድ እናት፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ዓይነት ሣጥን! አባቴ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ እንዲህ አሉኝ፦

«እናቲቱን ታውቃታለህ። የልጆቹን አባት ማን አየው?»

በነገራችን ላይ አባቴ ንግሥቲቱን «አውራ» ነው የሚሏት። የድሮ ንብ አናቢ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። አውራ ዶሮ እንደምንለው ማለት ነው። ሠራዊቱን የሚመራ ወንድ መስሏቸው ነበር። ፈረንጆቹም እኮ ለብዙ ዘመን ንጉሥ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ እኛን ብቻ አትሳቁብን።

የአባቴ ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። የምይዘው ዲግሪ ይህን ሳያስታውሰኝ መቅረቱ ያሳፍራል።

ንግሥት ቀፎ ውስጥ አትጠቃም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲጠነክር ወጥታ ትበራለች። ድንጉሎች፣ ማለትም ወንዶቹ ንቦች፣ የሚሰበሰቡበት የሰማይ ላይ አደባባይ አለ። ከየአቅጣጫው ከብዙ ቀፎ መጥተው እዚያ ያንዣብባሉ። እሷ እዚያ ስትደርስ ከአንድ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ከአሥርና ከዚያ በላይ ድንጉሎች ጋር ትገናኛለች። እያንዳንዱ ድንጉላ እዚያው ሞቶ ይወድቃል። እሷ ዘራቸውን በሆዷ ባለች ትንሽ ከረጢት ይዛ ትመለሳለች። ዕድሜ ልኳን ያንን እየቆጠበች ትጠቀማለች። እንቁላል መጣል ከጀመረች ደግማ ለዚህ ጉዳይ አትወጣም።

ከአባቴ ግቢ ወንዙን ተሻግሮ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደን አለ። በዚያ ዙሪያ ዕድሜ የጠገበ ዛፍ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ሆዱ የተቦረቦረ ጽድ አለ፣ ወይራ አለ፣ ሾላ አለ። በየቦርቡሩ ውስጥ የማንም ያልሆነ ንብ ይኖራል። የእኔ አምስት ሙሽሮች ሲወጡ የጠበቋቸው የእነዚያ ልጆች ናቸው። እኔ በደብተሬ እናት እመርጣለሁ። ደኑ ደግሞ ባል ይድራል።

የድንጉላው ነገር ከሁሉም ይገርማል። ንግሥቲቱ እንቁላል ስትጥል በዘር ካዳቀለችው ሴት ይሆናል፤ ሠራተኛ ወይም ንግሥት። ሳታዳቅል ከጣለችው ድንጉላ ይሆናል። ስለዚህ ድንጉላ አባት የለውም። እናቱ ግን አባት አላት። አባት ሳይኖረው አያት አለው ማለት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስዬ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ መታወቂያ ሲያወጣ የአባት ስም በሚለው ላይ ምን ይጻፋል?» አለች። እኔ እንጃ። ምናልባት የእኛን የስም አጻጻፍ የሚያሸንፍ ፍጡር ይህ ብቻ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ገር ዘር አግኝቼ ደኑ አበላሸብኝ ብዬ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ባነበብኩ ቁጥር ንዴቴ እየበረደ ሄደ።

ቀፎ ውስጥ ያለው ሙቀት እጭ ባለበት አካባቢ ወደ 35 ዲግሪ ነው። ንቦች ሲሞቃቸው በክንፋቸው ያራግባሉ። ሲበርዳቸው ተጠጋግተው ሰውነታቸውን ያንቀጠቅጣሉ። አሁን ሁሉም የአንድ አባት ልጆች ቢሆኑ ምን ይሆናል? ሁሉም በአንድ ዲግሪ ላይ «ሞቀን» ይላሉ። ሁሉም እኩል ያራግባሉ። ቀፎው ይቀዘቅዛል። ሁሉም እኩል ያቆማሉ። እንደገና ይሞቃል። የእኔ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ በአንዴ መስኮት ለመክፈት እንደ መነሳት ነው። አባቶቻቸው ሲለያዩ ግን አንዷ ቶሎ ይሞቃታል፣ ሌላዋ ዘግይቶ ይሰማታል። ጥቂቶቹ ይጀምራሉ፣ ሲብስ ሌሎች ይጨመራሉ። ሙቀቱ ሳይዋዥቅ ይቆያል። በ2004 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ለክተው አሳይተዋል። ከአሥራ አምስት ድንጉላ የተዳቀሉ ንግሥቶችንና ከአንድ ብቻ የተዳቀሉትን አሜሪካ ውስጥ ሄዘር ማቲላና ቶማስ ሲሊ አወዳድረዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተሙት። የብዙ አባት ልጆች የሆኑት ቀፎዎች የሰም እንጀራቸውን ቶሎ ሠሩ፣ ብዙ ቀሰሙ፣ የብርዱን ወራትም ለማለፍ የተሻሉ ነበሩ። በሽታ ሲገባም እንዲሁ ነው። አንዱን ቤተሰብ ቢያጠቃ ሌላው ይቋቋማል።

ይህን ለአባቴ ሳወራቸው አልገረማቸውም። «አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ያለበት ደቦ አያምርም» አሉ። አጫጁም አራሹም ዘፋኙም ያስፈልጋል ማለታቸው ነው። ዘፋኝ ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩም። ራሳቸው ዘፋኝ ነበሩ።

ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ጓሮው ሁለት ቀፎ አለው። ናፍቆት ነው መሰለኝ ያስጀመረው፤ ልጅ እያለ ንብ ሲያይ ነበር የሚሸሸው። እዚያ ንግሥት በፖስታ ትመጣለች። የክብሪት ሣጥን በምታክል ወንፊት ቤት ውስጥ፣ ጥቂት አገልጋዮች አብረዋት፣ በሩ በስኳር ሊጥ ተደፍኖ። ጀርባዋ ላይ የቀለም ነጥብ አለ። የ2024ቷ አረንጓዴ ናት፤ ለየዓመቱ ቀለም አለው። በቪዲዮ ሲያሳያቸው አባቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። «አውራ በፖስታ? ማን ፈርሞ ተቀበላት?»

ባለፈው ዓመት ወንድሜ አንድ ፍሬም ካሜራው ፊት አቆመ። የታሸገው ሙሽሬ፣ ማለትም ወደ ንብነት የሚለወጡት እጮች በሰም የተከደኑበት ቦታ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ባዶ፣ ሁለቱ ሙሉ፣ ሦስቱ ባዶ። የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ቫሮዋ የሚባለው መዥገር መሰል ተባይ ነበር። ንቦቹን በዱቄት ስኳር ነስንሶ ቆጠረ። ጥቂት ነው። ንግሥቲቱን የሸጠለትን ሰው ሲጠይቀው ነገሩ ወጣ። ሰውዬው ከአንዲት ንግሥት ጀምሮ፣ ልጆቿን አርብቶ፣ የልጆቿንም ልጆች እዚያው ገለል ባለ ቦታ ሲያጋባቸው ኖሯል።

የንብ ፆታ የሚወሰነው በአንድ ዘረ መል ነው። ማርቲን ባየ የሚባል ጀርመናዊና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. አግኝተውታል። ይህ ዘረ መል ብዙ ዓይነት አለው፤ በዓለም ላይ ከመቶ በላይ። የተዳቀለው እንቁላል ከእናትና ከአባት ሁለት የተለያዩ ከወሰደ ሴት ይሆናል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ወንድ ሆኖ ይፈጠራል፤ የማይረባ ወንድ። ሠራተኞቹ ገና ከእንቁላሉ እንደወጣ ለይተው ይበሉታል። ቤቱ ባዶ ይቀራል። ንግሥቲቱ ከወንድሞቿ ጋር ብቻ ከተዳቀለች እስከ ግማሽ የሚሆነው ልጇ እንዲህ ይጠፋል። የቀፎው ጉልበት በግማሽ ቀረ ማለት ነው። የወንድሜ ቀፎ ችግር ይህ መሆኑን በእርግጠኝነት ለመናገር ላብራቶሪ ያስፈልጋል። ግን ከሌላ ቦታ የመጣች ንግሥት ሲያስገባ በሚቀጥለው ወር ፍሬሙ ግጥም ብሎ ሞላ። እኔ ይበቃኛል።

ወገኖቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው የሚጋቡት ለከንቱ አይደለም ብዬ ለወንድሜ ነገርኩት። «ለንብ ማን ይቆጥርላታል?» አለኝ። አገራችን ውስጥ ደኑ ይቆጥርላታል። አሜሪካ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ንብ ለአገሩ መጤ ነው። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ ማስገባት በሕግ ተገድቧል። በየዓመቱ የሚሸጡት ወደ ሚሊዮን የሚጠጉ ንግሥቶች ከጥቂት መቶ እናቶች ነው የሚወለዱት።

ታዲያ መፍትሔው ከየቦታው አምጥቶ ማደባለቅ ነው? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። እኔም ተሳስቼበታለሁ። በ2014 ከገበያ አንድ ህብረ ንብ ገዛሁ። ነጋዴው «የተሻሻለ ነው፣ ምርታማ ነው» አለኝ። ትንንሽና ቢጫማ ነበሩ። የእኛዎቹ ወደ ጥቁር ይላሉ፣ ተለቅም ይላሉ። ከቆላ የመጡ እንደነበሩ የገባኝ ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ቀፎውን ጥለው ጠፉ። ማር የለ፣ እጭ የለ፣ ደህና ሁን ያለኝም የለ። ቆላ ውስጥ ሲከፋ ጥሎ መሄድ ብልህነት ነው። ደጋ ላይ ግን በክረምት ጭጋግ ውስጥ የት ሊደርሱ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ንብ አንድ ዓይነት አይደለም። አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. በአካል ልኬት አምስት ዘር ለይተዋል፤ የቆላው፣ የደጋው፣ የጋምቤላው ሌላ ሌላ ነው ብለው። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የአገራችን ንብ ከጎረቤት አገሮቹ የተለየ አንድ ዘር ነው ብለው «ሲሜንሲስ» የሚል ስም አወጡለት፤ በስሜን ተራሮች መሆኑ ነው። ምሁራኑ ይከራከሩ። እኔ የማውቀው የጭጋጉ ንብና የበረሃው ንብ ክረምትን እኩል እንደማያዩት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከዓለም ዙሪያ የ140 ንቦች ሙሉ ዘረ መል ተነቦ ሲታይ የአፍሪካዎቹ ከአውሮፓዎቹ የበለጠ ስብጥር ነበራቸው። እዚህ ያለን ሀብት ይህ ነው። በገንዘብ አይተመንም፤ ገበያ ላይም «የተሻሻለ» ተብሎ አይጮህለትም።

የማጓጓዝ ነገር ደግሞ ከመጥፋት የባሰም ያመጣል። ደቡብ አፍሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. የኬፕ ንብን ከባሕሩ ዳር ጭነው ወደ ሰሜን ወሰዱት። የዚያ ንብ ሠራተኛ ያለ ድንጉላ ሴት ልትወልድ ትችላለች። ልጇ እሷው ራሷ ናት ማለት ይቻላል። ሰሜን ላይ የአንዲት ሠራተኛ ቅጂዎች የሌላውን ዘር ቀፎ እየገቡ፣ እንቁላል እየጣሉ፣ ሥራ ሳይሠሩ እየበሉ በሺዎች የሚቆጠር ቀፎ ጨረሱ። አንዲት ንብ! አባት የማያስፈልጋት ንብ ይህን ካደረገች በኋላ ስለ ድንጉሎች ያለኝ አስተያየት ተቀይሯል። ሥራ ፈት ይሏቸዋል። ነጭ ሽንኩርት መላጥ እንኳ አይችሉም፣ እውነት ነው። ግን ያለ እነሱ ሁሉም ራሱን ብቻ ይወልዳል።

አሁን የሚያሳስበኝ ሰባት ቁጥር አይደለችም። የሚያሳስበኝ ደኑ ነው። በእኛ አካባቢ ገበሬው መሬቱን ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ እያለበሰው ነው። ለከሰል ይተክለዋል፣ በአራት አምስት ዓመት ይቆርጠዋል። አልፈርድበትም፣ ብር ነው፤ ልጅ ያስተምርበታል። ግን የአምስት ዓመት ዛፍ ሆድ የለውም። ንብ የሚገባበት ቦርቡር የለውም። የጊዮርጊስ ደን ባይኖር የእኔ አምስት ሙሽሮች ወጥተው የሚያገኙት የእኔኑ የቀፎ ድንጉሎች ብቻ ይሆን ነበር። ያኔ እኔም እንደ ወንድሜ ወንፊት ፍሬም ይዤ ካሜራ ፊት እቆማለሁ።

ስለዚህ መምረጥ አቆምኩ ማለት አይደለም። አሁንም ገር ከሆኑት ነው የምከፍለው። ግን ከአንዷ ብቻ አይደለም፤ ከሦስት ከአራት ቀፎ። በየዓመቱ ደግሞ አንድ ሁለት የዱር መንጋ ከዛፍ እንቀበላለን። አባቴ ሁልጊዜ ሲያደርጉት የኖሩት ይኸው ነው።

ትናንት አንድ መንጋ የአጥሩ ግራዋ ላይ አረፈ። እንደ ጆንያ ተንጠልጥሏል። የዓይኔ እብጠት ገና ስላልጎደለ አባቴ ናቸው የወጡት፤ በ71 ዓመታቸው፣ ያለ ጓንት። በቅርንጫፉ አራግፈው ቀፎ ውስጥ ከተቱት። አሥር ቁጥር ሆነ። ደብተሬን አወጣሁ። እናት፦ አይታወቅም ብዬ ጻፍኩ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻዬ በላይ አዩት። ከቄስ ትምህርት ቤት ያልዘለለች ንባባቸውን ዓምዶቹ ላይ አስኬዱ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

«ይህን ለምን ተውከው?»

«ስለማይታወቅ ነዋ፣ አባ።»

«እንዴት አይታወቅም?» አሉ። ወንዙን ማዶ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ጊዮርጊስ ብለህ ጻፍ።»

ከአንድ እስከ አሥር ሞላሁት።